እንግዳ ሲመጣ የለበሰው መሬት

ጡረታ የወጣሁ ቀን የግድግዳ ሰዓት ሸለሙኝ። የሥራ ዘመኔን ሙሉ ረፈደብኝ እያልኩ ስሮጥ ማንም ሰዓት አልሰጠኝም፤ የምቸኩልበት ነገር ባለቀ ቀን የባጃጅ ጎማ የሚያክል ሰዓት አሸክመው ሸኙኝ። ባለቤቴ ሳሎን ሰቀለችው። ጠዋት ከሥሩ ቆሜ ነጩን ጋዋኔን ስፈልግ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ዛሬም ጡረታ ነህ» ትለኛለች። እንደ አዲስ ወሬ ነው የምትነግረኝ፤ እኔም እንደ አዲስ ወሬ እሰማታለሁ።

ሥራዬ አፈር ነበር። ሶዶ ባለው የአፈር ላብራቶሪያችን የመጨረሻው ማዕረጌ «ከፍተኛ ቴክኒሽያን» ይባላል። በቁመቴ ምክንያት «ከፍተኛ» የሚባል ቃል አጠገቤ ደርሶ ስለማያውቅ ማዕረጉን በጣም ወደድኩት። ደመወዙ ግን ከቁመቴ ጋር ነው የተስማማው። ስለ ደመወዝ ይህን ካልኩ ይበቃል።

ብዕር ያስነሳኝ የመጨረሻው ዓመቴ ነው። በዚያ ዓመት ዶክተር ምሕረት የምትባል የቦምቤ ልጅ፣ የወላይታን አፈር ውጭ አገር ባለ ሲንክሮትሮን በሚባል ግዙፍ መሣሪያ ለማየት የጨረር ሰዓት ልትጠይቅ ትዘጋጅ ነበር። እኔ አፈር አድራቂና አፈር ወቃጭ ሆኜ አጠገቧ ነበርኩ። አንድ ጊዜ አመልክታ ወድቃለች። ፕሮጀክቱ በዚያው ዓመት ይዘጋ ስለነበር ሁለተኛው ማመልከቻ ከወደቀ ሦስተኛ የለም። እሷ ወደ ማስተማሯ ብቻ፣ ጥያቄዋም ወደ መሳቢያ ሊገቡ ነበር። ይህን ከማውራቴ በፊት ግን አቶ አንጁሎን ላስተዋውቃችሁ፤ እሱን ሳታውቁ እኔን ብታውቁ ጥቅም የለውም።

አባቴ ከጉራጌ አገር መጥቶ ሶዶ ገበያ ዳር የተተከለ ቆርቆሮ ሠሪ ነበር። ኩራዝ፣ ማንቆርቆሪያ፣ ማጥለያ ይሠራል። መዶሻውን ሊያወርሰኝ አስቦ ነበር፤ ግን መዶሻው አውራ ጣቴን ወደደና ምስማሩን ትቶ እሱን ብቻ ይመታ ጀመር። ጥፍሬ ሲጠቁር አይቶ «አንተ ብትማር ይሻላል» አለኝ። ተማርኩ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ላብራቶሪው ለጽዳትና ለመላላክ ሰው ይፈልጋል ሲባል ሄድኩ። በሩ ላይ ውሃ የሚያጣራው ዕቃ ያንጠባጥባል፤ ሊቀጠር የመጣው ሁሉ ኩሬውን ዘሎ ይገባል። እኔ የቆርቆሮ ሠሪ ልጅ ነኝና ጎንበስ ብዬ ሥሩን ማየት ጀመርኩ። አንድ ረጅም፣ ቀጭን ሰው በላዬ ቆመ።

«ምን ታያለህ?»

«ብየዳው ተከፍቷል፣ ጌታዬ።»

«ትበይደዋለህ?»

«አባቴ ይበይደዋል።»

ሳቀ። «እኔ እችላለሁ አለማለትህ ጥሩ ነው» አለና ቀጠረኝ። ይህ ሰው አቶ አንጁሎ ነበር፤ የዱቦ ገበሬ ልጅ፣ የላብራቶሪው ኃላፊ፣ የእኔም ሁለተኛ አባት።

አቶ አንጁሎ ሚዛን ሲያነብ ትንፋሹን ይይዛል። ትንፋሽ የሚዛኑን ሳህን ያንቀሳቅሳልና ክፍሉ ውስጥ ያለን ሁሉ አብረን እንይዛለን። ቁጥሩን ጽፎ «እህ» እስኪል ድረስ ማንም አይተነፍስም። አንድ ወፍራም ባልደረባችን በዚህ የተነሳ ግድግዳ ይዞ ሲንሸራተት አይቻለሁ። ዛሬ ሚዛኑ የመስታወት ቤት አለው፤ እኔ ግን እስከ ጡረታ ቀኔ ትንፋሼን እንደያዝኩ ነበር። አሁንም ባለቤቴ ሽንኩርት ስታስመዝን ከኋላዋ ቆሜ ፊቴ ይቀላል።

ሁለተኛው ልማዱ ባዶው ነበር። አፈር ስንፈትን በየዙሩ አንድ ምንም አፈር የሌለበት ዕቃ እናስገባለን። እንደ ሌሎቹ ይታጠባል፣ አሲድ ይጨመርበታል፣ ይሞቃል፣ ይጣራል። ውስጡ ምንም ስለሌለ በመጨረሻ ምንም መናገር የለበትም። «ባዶው ከተናገረ እኛ ዋሽተናል» ይል ነበር አቶ አንጁሎ። አንድ ሰሞን ባዶው ፎስፈረስ አለኝ ብሎ ተናገረ። አሲዱን ቀየርን፣ ውሃውን ቀየርን፣ ዝም አላለም። ለቀናት ስንፈልግ ቆይተን አቶ አንጁሎ ራሱ እቃ ማጠቢያው ጋ ሄዶ ጣቱን በሳሙና ዱቄት ነከረና አሸተተ። አዲስ የመጣው ሳሙና ነበር ፎስፈረስ ያለበት። ዕቃዎቻችን ያብረቀርቃሉ፤ ቁጥሮቻችን ግን ሳሙና ናቸው። የዚያን ወር ውጤት በሙሉ ሰርዞ ለገበሬዎቹ «እንደገና እንፈትናለን» ብሎ መልእክት ላከ። የሰረዘውን ወረቀት ሲቀድ ፊቱን አየሁት፤ ደስ ብሎታል። እኔ በዚያ ዕድሜዬ የሚያስደስት ነገር አልታየኝም ነበር።

ሦስተኛው ልማዱ ጥያቄ ነው። ማሳ ስንሄድ መቆፈሪያውን መኪና ውስጥ ትቶ ባዶ እጁን ይገባል። ከባለቤቱ ጋር ይቀመጣል፣ የቀረበለትን ይበላል፤ ከዚያ መሬቱን እያየ «ይህ መሬት ከዚህ በፊት ምን በልቷል?» ብሎ ይጠይቃል። ሃላሌ ተመድበን ሳለን፣ አንድ ማሳ ውስጥ በቆሎው አንድ ቦታ ላይ ብቻ ቤት አክሎ ቆሞ አየን። እኔ ቶሎ ብዬ ስለ ዘር ዓይነት ማብራሪያ ጀመርኩ፤ በእንግሊዝኛም አጣፈጥኩት። አቶ አንጁሎ ዞር ብሎ ሽማግሌውን «እዚህ ጋ ምን በልቷል?» አለው። «አባቴ በረት ነበረው» አለ ሽማግሌው። ማብራሪያዬን አጥፌ ኪሴ ከተትኩ።

አቶ አንጁሎ ከሞተ ቆይቷል። ሥራውም ከእሱ በኋላ ብዙ ተለወጠ፤ መሣሪያው ራሱ ያነባል፣ ኮምፒዩተሩ ራሱ ይጽፋል። እኔ ብቻ አልተለወጥኩም፤ ከፀጉሬ በስተቀር፣ እሱም ስለሌለ።

ዶክተር ምሕረት ስትመጣ ላብራቶሪው ውስጥ በዕድሜ ከእሷ የሚበልጡ ዕቃዎች ነበሩ፤ ብዙዎቹን እኔ ነበርኩ የጠገንኳቸው። መጀመሪያ ቀን አንዷ ተለማማጅ ልጅ መስላኝ «እቃ ማጠቢያው በዚያ በኩል ነው» አልኳት። ሄዳ እጥበት ጀመረች። ጨርሳ፣ እጇን እያደረቀች፣ «ጋሽ ወልዴ፣ አሁን ቢሮዬን ታሳየኛለህ?» አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አከብራታለሁ፤ እሷ ደግሞ ከዚያ ቀን ጀምሮ ትስቅብኛለች።

ሲንክሮትሮኑን ያስረዳችኝ በራሴ ቋንቋ ነው።

«ጋሼ፣ በክረምት አደባባዩን የሚዞር ባጃጅ አይተሃል?»

«ማየት ብቻ? ለብሼዋለሁ እንጂ!»

«ሲታጠፍ ጭቃውን ወዴት ይረጫል?»

«ወደ እኔ።»

«በቃ። ኤሌክትሮኖችን በትልቅ ቀለበት ውስጥ በኃይል ያስሮጧቸዋል። ሲታጠፉ ብርሃን ይረጫሉ። ቀለበቱ ዙሪያ ላይ ቆመህ ያንን ብርሃን በአፈርህ ላይ ትቀበላለህ።»

«እኛ እዚህ ጭቃ፣ እነሱ እዚያ ብርሃን» አልኳት። «ለአፈሩስ ምን ይጠቅመዋል?»

እዚህ ላይ ፊቷ ተለወጠ። ወላይታ ቤቱን ከቦ ያለውን፣ እንሰትና ቡና የተተከለበትን ጥቁር አፈር ዳርኳ ይለዋል። ራቅ ብሎ ያለው፣ በቆሎ የሚዘራበት ቀይ መሬት ሾቃ ነው። ሁለቱ አንድ መሬት ናቸው፤ አንዱ ከትውልድ ትውልድ አመድና እበት ሲበላ የኖረ፣ ሌላው ሲሰጥ ብቻ የኖረ። «ሾቃው ውስጥም ፎስፈረስ አለ» አለችኝ። «ግን ለበቆሎው አይደርስም። ብረት ይዞታል፣ አሉሚኒየም ይዞታል። እኛ ስንት እንዳለ መለካት እንችላለን፤ ማን እንዳሰረው ግን የሚያሳይ መሣሪያ እዚህ የለንም። ያ ብርሃን ያሳያል። ማን እንዳሰረው ካወቅን እንዴት እንደሚፈታ እናውቃለን። እናቴ ስትሞት እንኳ ሾቃችን በቆሎ እንቢ ብሎ ነበር።»

ከዚያ በኋላ አልቀለድኩም። ለጥቂት ደቂቃ ማለቴ ነው።

የጨረር ሰዓት እንደ ሆስፒታል ተራ ነው፤ ከዓለም ሁሉ ይለመናል፣ በፈረቃ ይሰጣል፣ ብዙው ለማኝ ባዶ እጁን ይመለሳል። ማመልከቻው ውስጥ ጥያቄህ ምን እንደሆነ፣ ለምን ያለ እነሱ ብርሃን እንደማይመለስ፣ አፈርህንም በራስህ ላብራቶሪ ፈትነህ ምን እንዳገኘህ ትጽፋለህ። ስለዚህ መጀመሪያ ጥሩ ዳርኳና ጥሩ ሾቃ ጎን ለጎን ያለው ቤት ያስፈልገን ነበር። ዶክተር ምሕረት የእማማ ባሎቴን መረጠች።

እማማ ባሎቴ ከቦምቤ በእግር የሚኬድ ቀበሌ ውስጥ የሚኖሩ አሮጊት ናቸው፤ ልጆቻቸው ከተማ ገብተዋል፣ መሬታቸውን በራሳቸው ያሳርሳሉ። ሰው ግቢ መቆፈሪያ ይዞ ሳይናገሩ መሄድ ነውር ስለሆነ ቀደም ብለን በጎረቤት መልእክት ላክን፦ የሶዶ ሰዎች መሬትዎን ሊያዩ ይመጣሉ። ስንደርስ ግቢው ተጠርጓል፣ ቦይና የሚሉት ሥራ ሥር ተቀቅሎ ከዳጣ ጋር ቀርቧል። በላን። እኔ በተለይ በላሁ። ከዚያ ወደ ሾቃው ስንወርድ ጠቆር ያለ፣ ለስለስ ያለ ሆኖ ጠበቀን። «ሾቃዎ ያምራል!» አልኳቸው በወላይትኛ። ወላይትኛዬን የተማርኩት ገበያ ውስጥ ስለሆነ ምስጋናዬ ሁሉ ዋጋ የምጠይቅ ይመስላል። እማማ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ፈገግ አሉ። ጎረቤቶችም ፈገግ አሉ። ቆፍረን፣ በከረጢት ሞልተን፣ ተመርቀን ተመለስን።

ላብራቶሪ ውስጥ ሁለቱ አፈሮች መንትያ ሆነው ቁጭ አሉ። ዳርኳው ብዙ ፎስፈረስ፣ ሾቃውም ከእሱ እምብዛም ያልራቀ። ደገምን። ያው ነው። ባዶውን አየሁ፤ ዝም ብሏል። ባዶው ዝም ካለ እኛ አልዋሸንም ብለን ቁጥሩን አመንን። ዶክተር ለመንትያነቱ ረጅም ምክንያት ፈለገችለት፣ ማመልከቻውን ላከች።

ከወራት በኋላ የመጣው መልስ አጭር ነበር። በራሳችሁ ቁጥር መሠረት ሁለቱ መሬቶች አይለያዩም፤ ታዲያ ጥያቄያችሁ ምንድን ነው?

ዶክተር ምሕረት አላለቀሰችም። ጋዋኗን አጥልቃ ወደ እቃ ማጠቢያው ሄደችና ንጹሑን ዕቃ ሁሉ እንደገና ታጥብ ጀመር። አጠገቧ ቆሜ ማድረቅ ጀመርኩ። የመጨረሻውን ዕቃ ስታቀብለኝ፣

«ትክክል ናቸው፣ ጋሼ» አለች።

«ፈረንጅ ሁልጊዜ ትክክል ነው እንዴ?»

«እነዚህ ትክክል ናቸው። የእኛው ቁጥር ጥያቄያችንን በላው። ግን እኔ ያደግኩበት ሾቃ እንዲህ አይደለም። አውቀዋለሁ።»

ስለ ውድቀት ብዙ አውቃለሁ፤ ከወንበር፣ ከፈተና፣ አንድ ጊዜም ከበቅሎ ወድቄያለሁ። የዚያን ቀኑን የሚያክል ግን አላየሁም። የምትወደውን መሬት የራስህ ቁጥር ሐሰተኛ ሲያደርግብህ የምትወድቅበት ቦታ እንኳ የለም።

የሚቀጥለው ጥሪ ሲወጣ ሌላ ናሙና እንውሰድ ተባለ። ዶክተር ለእማማ ባሎቴ መልእክት ልትልክ ስትል የአቶ አንጁሎ ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ ገባ፤ መልካም የቀረልኝ ጆሮ በግራ በኩል ያለው ነው፣ በእሱ ገባ። ባዶው የሚጠብቀው የላብራቶሪውን በር ብቻ ነው። ማሳው ላይ ማን ይጠብቃል? ያን ቀን «ይህ መሬት ምን በልቷል?» ያለ ሰው ነበረ ወይ? አልነበረም፤ የሁላችንም አፍ በቦይና ተይዞ ነበር።

«መልእክት አትላኪ» አልኳት። «እኔ ሳልናገር ልሂድ።»

«ጋሼ! ነውር አይደለም እንዴ?»

«ነው። ለዚህ ነው ሽማግሌ የምትልኪው። ነውራችን አርጅቷል፣ ማንም አይቆጥረውም።»

በሚኒባስ ቦምቤ ወርጄ በእግሬ ገባሁ። እማማ ባሎቴ ሾቃው ዳር ጎንበስ ብለው አረም ሲነቅሉ አገኘኋቸው። ቀና ብለው ሲያዩኝ መጀመሪያ ያደረጉት ከእኔና ከመሬቱ መካከል መቆም ነበር። ልብሳቸውን ሲቀይሩ በር የተከፈተባቸው ይመስላሉ።

«አንተ! ሳትናገር?»

«በዚህ ሳልፍ ነው፣ እማማ።»

«በዚህ አልፎ የት ይኬዳል? ከዚህ ወዲያ ወንዝ ነው!»

ውሸቴን ወንዙ ወሰደው። ከኋላቸው ያለውን መሬት አየሁት። ቀይ፣ ደረቅ፣ ገርጣ ያለ። በቆሎው ጉልበቴ ላይ አልደረሰም፤ የእኔ ጉልበት ደግሞ የት እንዳለ ታውቃላችሁ።

«እማማ፣ ያን ጊዜ እኮ ጥቁር ነበር» አልኩ።

«ያን ጊዜማ እንግዳ ልትመጡ ነበራ!» አሉኝ ተቆጥተው። «መሬትሽን ሊያዩ ይመጣሉ ተባልኩ። ባዶውን ላሳያችሁ? የእኔን አመድ ጨርሼ የጎረቤት አመድ ለመንኩ። እበቱን ከበረት አውጥተን በቅርጫት ተሸከምን። ሴቶቹ ሁሉ አገዙኝ። ከመንገዱ እስከዚያች ዛፍ ድረስ አልብሰን፣ በዶማ ገልብጠን ጠበቅናችሁ። እናንተም ያምራል ብላችሁ ሄዳችሁ። ዛሬ እንዲህ ታገኘኛለህ? ሶዶ ሲሰሙ ምን ይሉኝ ይሆን?»

እዚያው ሣሩ ላይ ተቀመጥኩ። ከላይ እስከ ታች ሳቅ ያዘኝ፣ መሃል ላይ ዕንባ መጣ። እኛ ሳንናገር መሄድ ነውር ነው ብለን መልእክት ላክን። እሳቸው መሬትን ራቁቱን ማሳየት ነውር ነው ብለው አለበሱት። ጎረቤቱም ያንን አውቆ ዝም አለ፤ የሰው ገመና አይገለጥምና። አንድም ሰው አልዋሸም። ሁላችንም በጨዋነት ብቻ አንድ ማመልከቻ ቀበርን።

«ምን ያስቅሃል?» አሉኝ።

«በራሴ ነው የምስቀው፣ እማማ። ያን ጊዜ ያምራል ያልኩት እርስዎን ነው ለካ፤ መሬቱን መስሎኝ።»

ፊታቸው ትንሽ ፈታ አለ። «ከዛፏ ወዲያስ?» አልኳቸው። ከዛፏ ወዲያ አመዱ አልቆባቸው ነበር። እንግዳ እዚያ ድረስ አይሄድም ብለው ተዉት። ያ መሬት ከእናታቸው ጊዜ ጀምሮ ምንም አልበላም። መሬቱ ምን እንደበላ በመጨረሻ ጠየቅኩ፤ አቶ አንጁሎ ቢሰማኝ «እህ» ብሎ ይተነፍስ ነበር።

ሶዶ ተመልሼ ለዶክተር ስነግራት ሚዛኑ ፊት ተቀምጣ ነበር። መጀመሪያ ሳቀች፤ የቦምቤ ልጅ ናትና ለመሳቅ ማብራሪያ አላስፈለጋትም። ከዚያ እጇን ግንባሯ ላይ አደረገች። የመጀመሪያው ናሙና ሁሉ ከንቱ መሆኑ ነው። ጥሪው ሊዘጋ ቀርቧል። እንደ እኔ ያለ ሰው ቢሆን ሌላ ቤት እንፈልግ ይል ነበር፤ ብዬም ነበር።

«የለም» አለች ቀስ ብላ። «ጋሼ፣ አስበው። ዳርኳው ዕድሜውን ሁሉ የበላ ነው። ከዛፏ ወዲያ ያለው ምንም ያልበላ። ከዛፏ ወዲህ ያለው ደግሞ አንድ ቀን ብቻ፣ ለእንግዳ ሲባል የበላ። አንድ መሬት፣ አንድ ባለቤት፣ ሦስት ታሪክ። ያ የአንድ ቀን አመድ ዛሬ የት ነው ያለው? ነፃ ነው ወይስ ብረቱ መልሶ አስሮታል? ይህን ስንት እንዳለ በመለካት አታውቀውም። በብርሃኑ ብቻ ነው የምታውቀው።»

እኔ ስህተት ያየሁበት ቦታ እሷ ጥያቄ አየች። ብዙ አለቆች አይቻለሁ፤ ሲሳሳቱ የሚቆጡ፣ ሲሳሳቱ የሚደበቁ። ሲሳሳቱ የሚነቁ ግን ሁለት ብቻ አውቃለሁ፤ አንዱ ዱቦ ተቀብሯል።

ናሙናውን እንደገና ወሰድን። በዚህ ጊዜ መልእክት ልከን፣ ግን «መሬቱ በሥራ ልብሱ ይቆየን» ብለን ለመንን። እማማ ባሎቴ እያጉረመረሙ ተስማሙ። አፈሩን በጥላ አደረቅኩት እንጂ ምድጃ አላሳየሁትም፤ ሙቀት እስረኛውን ከእስር ቤቱ ሊያዛውረው ይችላል። የነሐስ ወንፊቱን ትቼ በናይለን ነፋሁ። በድንጋይ ሙቀጫ፣ በጣት መሃል እህል እህል የማይል እስኪሆን ወቀጥኩ። ከዚያ በማጣበቂያ ቴፕ ላይ በስሱ ማልበስ አለ፤ ከወፈረ ብርሃኑን ራሱ ይጠጣዋል፣ ከሳሳ ምንም አይናገርም። ትንፋሼን ይዤ በብሩሽ ሳለብስ ዶክተር «ጋሼ ተንፍስ፣ አፈሩ ሳያልቅ አንተ ታልቃለህ» ትለኛለች። በመጨረሻ አንድ ማጣበቂያ ምንም አፈር ሳልጨምርበት ከሌሎቹ ጋር ደረደርኩ። አልጠየቀችኝም፤ ስሙን ብቻ ጻፈችበት፦ ባዶ።

ቁጥሩ በዚህ ጊዜ ሦስት የተለያዩ ወንድሞች ሆኖ ወጣ። ማመልከቻውን ስትጽፍ ግን አንድ ነገር አስፈራኝ። ያለፈው ለምን እንደተሳሳተ፣ አመዱን፣ ቅርጫቱን፣ መልእክቱን፣ ሁሉንም ቁልጭ አድርጋ አሰፈረችው። ሦስተኛውን ናሙና «እንግዳ» ብላ ሰየመችው፤ በፈረንጁ ፊደል።

«ዶክተር፣ ይህን ተዪው። ይስቁብናል።»

«ይሳቁ» አለች፣ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳታነሳ። «ከሳቁ አንብበዋል ማለት ነው።»

መብራት ሲጠፋ፣ ሲመጣ፣ ኔትወርክ ሲሄድ ሲመለስ፣ ጥሪው ሳይዘጋ ላከችው። መልሱ ሳይመጣ የእኔ ጡረታ ቀድሞ መጣ። ሰዓቴን ተሸክሜ ቤቴ ገባሁ። ለወራት ከሥሩ ተቀምጬ የማዳምጠው ሰዓቱን አልነበረም፤ ስልኩን ነበር። ባለቤቴ «የምትጠብቃት ሴት ማናት?» ትለኛለች። «እንግዳ የምትባል ናት» እላታለሁ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ተደወለ። ዶክተር ነበረች፤ ግን አትናገርም፣ ትተነፍሳለች።

«ዶክተር? ወደቅን?»

«ፈረቃ ሰጡን፣ ጋሼ።»

ቁጭ ብዬ ነበር፤ እንደገና ለመቀመጥ ሞከርኩ። ገምጋሚዎቹ የጻፉትን አነበበችልኝ። የማመልከቻው ጥንካሬ እንግዳ የሚባለው ናሙና ነው ይላል፤ ባዶውም እንዲመጣ ይፈልጋሉ። ለአቶ አንጁሎ ብነግረው ወደድኩ። በሌለበትም ነገርኩት፤ ባለቤቴ ከማን ጋር እንደማወራ አልጠየቀችም።

የአፈሩ መውጫ ፈቃድና ማኅተም ካለቀ በኋላ፣ ከመሄዷ በፊት፣ ሁለታችን ወደ እማማ ባሎቴ ሄድን። ዶክተር ሁሉንም አስረዳቻቸው፤ ቀለበቱን፣ ብርሃኑን፣ ባጃጁን ሳይቀር። እማማ እስከ መጨረሻው በጥሞና ሰሙና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ።

«ራቁቱን ነው የምታሳዩት?»

«አዎ፣ እማማ። እንዳለ ነው መታየት ያለበት።»

«ፈረንጆቹ ያዩታል?»

«መሣሪያው የእነሱ ነው። ተቀምጬ የማየው ግን እኔ ነኝ።»

እማማ ባሎቴ እጇን ያዙ። ያቺን እጅ፣ ዕቃ በማጠብ የሻከረችውን፣ ገልብጠው አዩአት።

«አንቺ ከሆንሽ ግድ የለም» አሉ። «አንቺማ ቤተኛ ነሽ።»

ዶክተር ምሕረት ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው። በውድቀቱ ቀን ያልመጣው ሁሉ እዚያ መጣ። እኔ ዕንባ ሲበዛ መቆም ስለማልችል ጣልቃ ገባሁ።

«እኔስ፣ እማማ?»

«አንተ ሳትጠራ የመጣህ ዕለት ቤተኛ ሆነሃል» አሉኝ። «ማን ያስወጣሃል!»

ይህን በምጽፍበት ጊዜ ዶክተር በዚያ ቀለበት ዳር ናት። እኔ ደግሞ ሥራ ስለሌለኝ አንዳንዴ በሚኒባስ ቦምቤ ወርጄ በእግሬ እገባለሁ። መልእክት አልልክም። ግቢው አይጠረግልኝም፣ አመድ አይነሰነስልኝም። ሾቃው ቀይ ቆዳውን ገልጦ ይቆየኛል። ባለፈው ሳምንት ደርሼ ገና ላቤን ሳልጠርግ፣ ወንበር ያቀርቡልኛል ብዬ ቆሜ ስጠብቅ፣ እማማ ባሎቴ ከእንሰቱ መሃል ቀና ብለው ፀሐዩን አዩና እንዲህ አሉኝ፦

«ረፍዶብሃል። ዶማው ከበሩ ኋላ ነው።»